በሌሊት ያረፉ መንገደኞች፤ ስለ አንድ የረምብራንት የመዳብ ኅትመት

ከአራቱ ወንጌላውያን የስደቱን ታሪክ የጻፈው ማቴዎስ ብቻ ነው። እርሱም በምዕራፍ 2 ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብጽ እንደ ሄደ ይናገራል እንጂ በመንገድ የት እንዳረፉ አይገልጽም። ወንጌል ያልተናገረውን ይህን ዕረፍት ግን የአውሮፓ ሠዓልያን ደጋግመው ሥለውታል። ከነዚህም አንዱ የሆላንዱ ረምብራንት (1606-1669) ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው በ1644 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በመዳብ ሰሌዳ የሠራውን የሌሊት ሥዕል ሲሆን፣ የምንጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ በጥቁር ቀለም ብቻ የሚታተም ሥዕል ብርሃንን ከወዴት ያመጣል?

ሥዕሉ ቁመቱ 9፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መዳፍ እንኳ አይሞላም። ማርያም ሕፃኑን ታቅፋ፣ ዮሴፍም አጠገቧ ሆኖ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። በክንፉ የሚጋርዳቸው መልአክ የለም፤ የሚያበራላቸው ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፋኖስ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች መሽቶባቸው ከዱር ያደሩ ድኾች መንገደኞች ናቸው ብሎ ቢያልፍ አያስደንቅም።

ጥያቄውን ለመመለስ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ በሰምና በሙጫ ድብልቅ ይቀባል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ሲሥል መዳቡ ይገለጣል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባም አሲዱ የተገለጠውን ብቻ በልቶ ያጐደጕደዋል። ከዚህ በኋላ ሰሙ ተነሥቶ ጕድጓዱ በቀለም ይሞላል፤ የሰሌዳው ገጽ ይጠረጋል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በመጭመቂያው መካከል ሲያልፍ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ይዛወራል። እንግዲህ መርፌ የነካው ሁሉ ጥቁር፣ ያልነካው ነጭ ይሆናል ማለት ነው።

ረምብራንት ይህንኑ ዕረፍት በ1645 እንደ ገና ሲሠራው ጥቂት ቀጫጭን መሥመሮች በቅተውታል፤ አብዛኛው ወረቀት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በሌሊቱ ሥዕል ግን መሥመርን በመሥመር ላይ እያደራረበ ገጹን ከሞላ ጐደል አጥቍሮታል። ድካሙ ሁሉ የዋለው በጨለማው ላይ ነው፤ የፋኖሱ ብርሃን ሳይነካ የተተወ ወረቀት ነው።

ይህ ከታሪኩ ጋር ይስማማል ብለን እናምናለን። ከሄሮድስ ለሚሸሽ ሰው ሌሊት መሸሸጊያ ነው፤ ፋኖስ ማብራት ግን ያጽናናል፣ ደግሞም ያጋልጣል። ስለዚህ ብርሃኑ ከተቀመጡት ሰዎች ብዙ አይርቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ በታተመ ቍጥር ቀጫጭኑ መሥመር ይደመሰሳል። በኋላ ከታተሙት ቅጂዎች ሌሊቱ ሊገረጣ፣ ፋኖሱም ኀይሉን ሊያጣ ይችላል። በመጽሐፍ ውስጥ በፎቶግራፍ የተባዛውን አይተን «ሥዕሉ ደብዛዛ ነው» ብለን በሠዓሊው ከመፍረዳችን በፊት፣ የተባዛው ከቀደመው ኅትመት ነው ወይስ ሰሌዳው ካረጀ በኋላ ከታተመው ብለን መጠየቅ ይገባናል።