ቁልቁለት ብድር ነው

በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በተከለለው በሰሜን ተራሮች፥ ከሳንቃበር ተነሥቶ የጅንባርን ሸለቆ በማቋረጥ ወደ እመት ጎጎ አፋፍ ለመውጣት የሚያስብ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሒሳቡን ሊሠራ ይገባዋል። ሳንቃበር 3,250፥ እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸውና አቀበቱ 676 ሜትር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል፤ የወረዱት ሁሉ እንደ ብድር በአቀበት ይከፈላል። በዚያም ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ እርምጃ ይከብዳል።

እኛም ከዓመታት በፊት ተማሪዎቻችንን ይዘን ስንወጣ፥ አፋፉ ከፊታችን እየታየ አንዱን ልጅ ራሱን አመመው፤ አቅለሸለሸውም። ጓደኞቹ «ጥቂት ነው የቀረን» እያሉ ቢለምኑንም ሁሉንም መለስናቸው። ዝቅ እንዳልን ሕመሙ ለቀቀው።

ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ተነሡ፤ የአገሩን መንገድ መሪ ያዙ፤ እርምጃችሁን በደካማው ልክ አድርጉ፤ ውኃ፥ በሶና ጋቢ አትርሱ፤ ማደሪያችሁን ከአፋፉ በታች በግጭ አሰናዱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ ባትደርሱም ተመለሱ። አፋፉ ነገም በስፍራው ይገኛል፤ በገደል አጠገብ የመሸበት ልጅ ግን ነገን አያምንም።