ራውተርን በቀጥታ ከባትሪ ስለማሠራት

የመብራት መስመር በማይደርስበት የመስክ ጣቢያ የዝናብና የሙቀት መለኪያው፣ መረጃውን የሚያስተላልፈውም ራውተር የሚሠሩት በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ ነው። ባትሪው ሌሊት ካለቀ የዚያ ሌሊት ዝናብ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የባትሪው 12 ቮልት ዲሲ በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት ኤሲ ይለወጥና በራውተሩ አዳፕተር እንደገና ወደ ዲሲ ይመለሳል። ይህም ውኃን ኮረብታ ላይ አውጥቶ መልሶ ወደ ማሳ እንደማውረድ ነው፤ በየለውጡ ኃይል በሙቀት ይባክናል። ኢንቨርተሩ ራሱም በላተኛ ነው።

ስለዚህ ራውተሩን በዲሲ ማሠራትን እንመርጣለን። ሆኖም 12 ቮልት የሚባል ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፣ ሲደክም ከ12 በታች ይወርዳል። በመሆኑም ሲበዛ ቀንሶ፣ ሲያንስ ጨምሮ 12 ቮልት የሚሰጥ የዲሲ መለወጫ በመካከል ማስገባት ያስፈልጋል። አስቀድሞ በራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክት መመልከት ይገባል፤ በ5 ወይም በ9 ቮልት የሚሠሩም አሉ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይሁን፤ ሽቦ ቢነካካ እሳት ይነሣልና።

12 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚል ራውተር በ24 ሰዓት ቢበዛ 288 ዋት-ሰዓት ይወስዳል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓቱን 600 ዋት-ሰዓት ብቻ እንቆጥርለታለን። ይህም ራውተሩን ብቻ ለሁለት ደመናማ ቀናት ያህል ያሠራል።