ጋዙ አላለቀም፦ ከቤት ፍሪጅ ጋር ትውውቅ

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ጋዝ ጨርሷል» የሚል ነው። ባለቤቱም አይከራከርም፤ የቡታጋዝ ሲሊንደር ያልቃል፣ የፍሪጅስ ቢያልቅ ምን ይገርማል? ነገር ግን ፍሪጅ ጋዙን እንደ ነዳጅ አያቃጥለውም። ፋብሪካው ሞልቶ ካሸገው ቀን ጀምሮ ያው ጋዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ዓመታት ይኖራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ሞልቶ የሚሄድ ሠራተኛ የሸጠው የጥቂት ሳምንት ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጋዙ ጭራሹን አልጎደለም፤ የተበላሸው ሌላ፣ ርካሽና በቀላሉ የሚለወጥ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ከፍሪጅ ጋር መተዋወቅ የፈለገ ሰው በመጀመሪያ አንድ ድንበር ይወቅ፦ በታሸገው መስመር ውስጥ ያለውንና ከመስመሩ ውጭ ያለውን።

የታሸገው መስመር ከኮምፕሬሰሩ ይጀምራል፤ ከኋላ ከታች የተቀመጠው፣ ሁላችንም ሞተር የምንለው ጥቁር ድብልብል ብረት ነው። ጋዙን አምቆ ያሞቀዋል። ትኩሱ ጋዝ በፍሪጁ ጀርባ ባለው ጥቁር የሽቦ መረብ፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ከጎን ቆርቆሮው ሥር በተደበቀ ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይለቅና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበትና ቆሻሻ በሚያስቀር ትንሽ ማጣሪያ በኩል አልፎ፣ ውስጡ ከ1 ሚሊሜትር በጠበበ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሲወጣ ግፊቱ በአንዴ ይወርድና ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀትም ከምግቡ ይወስዳል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ። ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፤ ከውስጥ ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። ሳሎን ጥግ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቆ፣ ጎኑ በቁም ሳጥን ታፍኖ የቆመ ፍሪጅ የቀዳውን ሙቀት የሚደፋበት ቦታ አጣ ማለት ነው። ከጀርባም ከጎንም አንድ ስንዝር ያህል ይተውለት። አናቱ ላይ ያለው ዳንቴል ግን ምንም አላጠፋም፣ ይቆይ።

ከመስመሩ ውጭ ያሉት ብዙ ናቸው፦ ቴርሞስታቱ፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ሪሌ፣ ከሪሌው አጠገብ ያለው ኦቨርሎድ፣ የበሩ ጎማ፣ የውስጡ ማራገቢያ፣ በረዶ የሚያቀልጠው ማሞቂያ፣ አምፖሉና ማብሪያው። እነዚህ ሁሉ ቱቦ ሳይቆረጥ ይለወጣሉ። አንድ ጠጋኝ እነዚህን ሳይፈትሽ የቱቦ መቁረጫ ካወጣ ያስቁሙት። መስመሩ አንዴ አየር ከገባበት ወደ ፋብሪካ ንጽሕናው መመለስ ከባድ ነው።

ከበሩ እንጀምር። የብር ኖት በበሩና በአካሉ መካከል አድርገው ይዝጉና ሳብ ያድርጉት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው በዚያ ቦታ አይገጥምም፤ እርጥብ አየር እየገባ በረዶ ይሠራል፣ ሞተሩም አያርፍም። በጎማው ውስጥ ረጅም ማግኔት አለ። ድሮ የፍሪጅ በር የሚዘጋው በመቀርቀሪያ ስለነበር በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ የገቡ ልጆች ታፍነው ይሞቱ ነበር፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 በሩ ከውስጥ ተገፍቶ መከፈት አለበት የሚል ሕግ አወጣችና ማግኔቱ ቦታውን ያዘ። ጎማው ካልተቀደደ በቀር ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ይጠቡት፤ የተጣመመውን ቦታ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሙቀው በእጅ ያስተካክሉት፤ ከዚያ በሩን ዘግተው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። መግዛት ግድ ከሆነ ርዝመትና ወርዱ ብቻ አይበቃም። ወደ በሩ ቦይ የሚገባው ጀርባው በየሞዴሉ ስለሚለያይ ከአሮጌው ቁራጭ ይዞ መሄድ ይሻላል።

እኛ አገር ፍሪጅን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የመብራት ነገር ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተመጣጠነም፤ ለመመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ኮምፕሬሰሩ በዚያ ግፊት ላይ ሊነሳ ሲታገል ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ ኦቨርሎዱም ያጠፋዋል። ከታች «ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ አጭር ማጉረምረም፣ እንደገና «ጠቅ» የሚሰማው ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። ይህን የሚያስታውስ ሰው ቤት ከሌለ፣ ኤሌክትሪኩን ዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር መግዛት ከኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት በሩን እየከፈቱ ማየት ግን ይቅር፤ ያልተከፈተ ፍሪጅ ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል፣ ሙሉ ፍሪዘር ደግሞ ለ48 ሰዓት ያህል ይጠብቃል።

«ጠቅ» የሚለው ድምፅ መብራቱ ረግቶም ከቀጠለ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሪሌው ነው። ሶኬቱን ነቅለው ሪሌውን ከኮምፕሬሰሩ ጎን አውጥተው ጆሮ አጠገብ ቢነቀንቁት፣ ውስጡ የተሰበረ ነገር የሚንኳኳ ከሆነ ሞቷል። በውስጡ ያለችው የሴራሚክ ክኒን ስትሰነጠቅ እንዲህ ትላለች። ከፍሪጅ መለዋወጫ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በእሱ ፈንታ ግን ስንት ደህና ኮምፕሬሰር «ተቃጥሏል» ተብሎ ተነቅሏል። መልቲሜትር ያለው ሰው የኮምፕሬሰሩን ሦስት እግሮች ይለካ፤ ሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ተደምረው ትልቁን ከሰጡ ጠመዝማዛው ደህና ነው። በኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። የእሱ ሦስት ንባቦች እኩል ናቸው፣ የሚያስነሳውም ሪሌ ሳይሆን ቦርድ ነው፤ ቦርዱም ውድ ነው።

ስለ ቢላ አንድ ነገር ልበል። በረዶ በቢላ መፈልፈል ከታሸገው መስመር ጋር በቀጥታ መጣላት ነው። ከበረዶው ሥር ያለው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ከተበሳም እንደ መዳብ በቀላሉ አይበየድም። ፍሪጁን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ አንድ ድስት ሙቅ ውኃ ውስጡ አስቀምጦ መጠበቅ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚያጋጥም፣ ቆላ ላይ የማይታሰብ ሌላ ችግር አለ። በፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የአየር ንብረት መደብ የሚባል ምልክት ይገኛል። «ኤን» የሚለው ፍሪጁ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ውስጥ እንዲሠራ መታሰቡን ይናገራል፤ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ይደርሳል፣ «ኤስ ኤን» ወደ ታች እስከ 10 ይወርዳል። ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላና ለሰመራ «ቲ» የሚለውን መፈለግ ተገቢ ነው። በኅዳር ሌሊት ከጓሮ ባለ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የቆመ፣ ባለ አንድ ቴርሞስታት ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ግን ተቃራኒው ይገጥመዋል። ክፍሉ ራሱ ስለቀዘቀዘ ምግብ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቴርሞስታት «በቃ፣ ቀዝቅዟል» ብሎ ሞተሩን ያሳርፋል። ሞተሩ ሲያርፍ ፍሪዘሩ ይላላል፣ ሥጋው ይለሰልሳል። ጠጋኝ ቢጠራ ፍርዱ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ግን ፍሪጁን ሞቅ ወዳለ ክፍል ማዛወር ነው።

በረዶ በማይሠራው በኖ ፍሮስት ፍሪጅ ላይ ደግሞ አንድ ምልክት ብቻ ቢታወቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል፦ ፍሪዘሩ በደንብ እየቀዘቀዘ ምግብ ክፍሉ ከሞቀ፣ ጋዙን ከመጠርጠር በፊት የአየሩን መንገድ መመርመር ነው። በዚህ ዓይነት ፍሪጅ የሚቀዘቅዘው ቱቦ ከፍሪዘሩ የጀርባ ክዳን ኋላ ተደብቋል፤ ቅዝቃዜውን ወደ ታች የሚያደርሰው ማራገቢያ ነው። ማሞቂያው በየተወሰነ ሰዓት በቱቦው ላይ የተጋገረውን በረዶ ያቀልጣል። ማሞቂያው፣ ሰዓት ቆጣሪው ወይም ትንሿ የበረዶ ቴርሞስታት ሲበላሹ በረዶው ተቆልሎ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ፍሪጁን ነቅሎ በሩን ከፍቶ ሙሉ ቀን ማሳደር ለጊዜው ይፈውሰዋል፤ ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ ከሦስቱ አንዱ መለወጥ አለበት። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውኃ መቋጠር ከሆነ ችግሩ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው፤ የውኃ መውረጃዋን ቀዳዳ በለብ ውኃና በለስላሳ ሽቦ መጥረግ።

ወደ መለዋወጫው እንምጣ። ገበያ ከመውጣት በፊት በምግብ ክፍሉ የጎን ግድግዳ ወይም በጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ማንሳት ግድ ነው። የሞዴሉ ቁጥር፣ የጋዙ ዓይነትና ግራሙ፣ ቮልቱና ኸርዙ እዚያ ላይ ናቸው። የፍሪጁ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ስም የያዙ ሁለት ፍሪጆች የተለያየ ቴርሞስታት ሊኖራቸው ይችላል። ኬ 59 የሚባለው ቴርሞስታት የጀርባው ሰሌዳ በረዶ እስኪሟሟ ድረስ ሞተሩን አያስነሳም። ኬ 50 ለሌላ ዓይነት ፍሪጅ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ቢገጥሙት ይሠራል፣ ግን ወይ በረዶ ይቆልላል ወይ ያለማቋረጥ ይዞራል። መርካቶ ውስጥ «ያው ነው፣ ይገጥማል» ለሚል ሻጭ አሮጌውን ዕቃ ከኪስ አውጥቶ ቁጥር ከቁጥር ማስተያየት ጥሩ መልስ ነው።

ኮምፕሬሰር ሲገዛ ሦስት ነገር ይገጣጠም፦ የጋዙ ዓይነት፣ ኤሌክትሪኩና ጉልበቱ። ጋዙ ሲለያይ ዘይቱም ይለያያል። ኤሌክትሪኩ ላይ ከውጭ ዕቃ ይዘው የሚመጡ ወገኖች በተለይ ይጠንቀቁ። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከኤምሬቶች የመጣ ፍሪጅ ይስማማል። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን በ60 ኸርዝ ነው የምትሠራው፤ አሜሪካ 60 ኸርዝ ከመሆኗም በላይ ቮልቷ 120 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተሠራ ተራ ኮምፕሬሰር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ቀንሶ ይግላል። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ በጭነት አስመጥቶ ከመሠቃየት እዚሁ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁሉም ከውጭ ተፈትሾ ቀዳዳ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ ያኔ ስለ ጋዝ ይነገራል። የድሮዎቹ ፍሪጆች አር 12 ነበራቸው፤ ኦዞንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀስ በቀስ ተነሥቶ በታዳጊ አገሮች የማምረቻ ጊዜው በ2010 አበቃ። ተተኪው አር 134ኤ ነበር፤ ዛሬ በአዳዲስ ፍሪጆች ላይ የሚበዛው አር 600ኤ፣ ማለትም አይሶቡቴን ነው። ይህ ተቀጣጣይ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ላይ የእሳት ምልክት ይታያል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ዓለም አቀፉ ደረጃም ለቤት ፍሪጅ ከ150 ግራም በላይ አይፈቅድም፤ ነገር ግን ጋዙን ከቤት ውጭ ሳያስወጡ ችቦ ለኩሶ ቱቦ መበየድ ከእሳት ጋር መጫወት ነው።

ጠጋኙ ሥራውን ማወቁን ሦስት መሣሪያዎች ይናገራሉ፦ አዲስ ማጣሪያ፣ የቫኪዩም ፓምፕና የግራም ሚዛን። መስመሩ በተከፈተ ቁጥር ማጣሪያው መለወጥ አለበት። አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ተስቦ ካልወጣ እርጥበቱ በዚያች ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። ጋዙ ደግሞ ቱቦው በእጅ ሲነካ «አሁን በቃው» እስኪባል ሳይሆን በሚዛን፣ በተጻፈው ግራም ልክ ይገባል፤ በአር 600ኤ ላይ የጥቂት ግራም ስሕተት እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ቀዳዳው በሚታይ ቱቦ ላይ ከሆነ ይበየዳል። ከግድግዳው አረፋ ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በፍሪዘሩ በር ዙሪያ እርጥበት እንዳይቋጠር የሚዞረው ትኩስ ቱቦ ዝጎ ከሆነ ጎበዝ ጠጋኝ ከመስመሩ ነጥሎ ያስወጣዋል። ቀዝቃዛው ቱቦ ራሱ አረፋ ውስጥ ካፈሰሰና ፍሪጁ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው በእኔ ግምት ጥገናው አያዋጣም።

ያም ቢሆን ለቆራሌው በብረት ዋጋ ከመሸጥ በፊት የፍሪጅ ጠጋኝ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመስታወት መደርደሪያ፣ የአትክልት መሳቢያ፣ የበር ጠርሙስ መያዣና እጀታ አዲስ ሆነው ገበያ ላይ እምብዛም አይገኙም፤ የሚገኙት ከተፈታታ ፍሪጅ ነው። ያገለገለ ኮምፕሬሰርም ከዚያው ይወጣል። እሱን የሚገዛ ሰው ቱቦዎቹ ጫፋቸው ተደፍኖ መቀመጡን ይይ፤ ተከፍቶ ለወራት አየር ላይ የቆየ ዘይቱ እርጥበት ጠጥቷልና ዋጋው ቢረክስም ይለፈው።