የመምህሩ ምርምርና የመሪው ድርሻ

ንድፈ ሐሳብና ተግባር ተነጣጥለው መጓዝ እንደሌለባቸው ደጋግመን የምንናገረው ጉዳይ ነው። አባባሉ በመማሪያ ክፍል ሲፈተን ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። ክፍሉን የሚያጠናው ማን ነው? ለረጅም ዘመን መልሱ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የሚል ነበር፤ መምህሩ የሚጠና እንጂ የሚያጠና አልነበረም።

እንግሊዛዊው ሎውረንስ ስቴንሃውስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ መሆን እንዳለበት አስረድቷል። ከ1973 እስከ 1975 በጆን ኤልየት መሪነትና በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የተካሄደው ጥናት ደግሞ በምሥራቅ አንግልያ ወደ 40 የሚጠጉ መምህራንን አሰባስቦ ሐሳቡን በሥራ ፈተነው። መምህራኑ፣ ተማሪው በራሱ መርምሮ እንዲረዳ እናደርጋለን ባዮች ነበሩ። ትምህርቱ በቴፕ ተቀርጾ ሲደመጥ፣ የመምህሩ፣ የተማሪዎቹና የታዛቢው ቃል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን በዓላማውና በአሠራሩ መካከል ያለው ቅራኔ ገሃድ ወጣ። «ሁላችሁም ትስማማላችሁ?» የሚለው ተራ ጥያቄ እንኳ ውይይት ከመክፈት ይልቅ የተለየ ሐሳብ ያለውን ተማሪ ዝም የሚያሰኝ ሆኖ ተገኘ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የመምህራን አሠልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር የተግባር ምርምር አንዱ ክፍል ሆኗል። ይሁን እንጂ ቡድኑን የሚመራው ሰው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላውም እርሱ ከሆነ፣ «ትምህርቴ አልገባቸውም» ብሎ የሚጽፍ መምህር ከወዴት ይገኛል? ርእሱ የተማሪዎች ማርፈድ ወይም የቤት ሥራ አለመሥራት ይሆናል፤ ጥፋቱ ምንጊዜም ከወንበሩ በኩል እንጂ ከጥቁር ሰሌዳው በኩል አይመጣም! እንዲህ ያለው ጽሑፍ ማኅደር ያደልባል እንጂ ክፍሉን አይለውጥም።

ስለዚህ መሪው አስቀድሞ የራሱን ትምህርት ቀርጾ ለሂስ ያቅርብ እንላለን። የሚያስተምረው ክፍል ከሌለው ለአንድ ወር እንኳ ይረከብ። ጥያቄውን መምህሩ ይምረጥ፤ መሪው «ይህን በምን አወቅህ?» እያለ ማስረጃ ይጠይቅ እንጂ ፍርድ አይስጥ። የተማሪዎችን ቃል ነጥብ የማይሰጣቸው ሰው ይሰብስብ። በስብሰባው የተነገረው ድክመትም ከምዘናው ቅጽ ላይ እንዳይሰፍር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያረጋግጥ።