ጤፋችን ከአፈሩ ምን ይጠጣል?

እኛ በገዴራ፣ በያቭኔና በኪርያት መላኪ የምንኖር፣ እዚሁ እስራኤል የተወለድን ተማሪዎች ነን። ትምህርታችን ሁሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛችን አንዳንድ ቦታ ቢሰናከል ይቅርታ አድርጉልን። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አፈር በከባድ ብረቶች ሲበከል እህል ምን እንደሚሆንና እንዴት ሊረዳ እንደሚችል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። ገዴራ ውስጥ ሽማግሌዎቻችን የሚያለሙት የጋራ አትክልት ቦታ አለ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤናዳም ይተክላሉ። ከእኛ የአንዷ አያት ደግሞ ከፔሳሕ በኋላ በአጥሩ ሥር ጥቂት ጤፍ ዘሩ። ከአጥሩ ማዶ መኪና የሚበዛበት መንገድ አለ። በኬሚስትሪ ትምህርት ስለ እርሳስና ስለ ካድሚየም ተምረን ስለነበር፣ «ሳፍታ፣ ይህ ጤፍ ከመንገዱ የተነሣ መርዝ አይኖረውም?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሳቁና፣ «እኔ ጎንደር ስዘራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናንተ ተምራችኋልና ንገሩኝ» አሉን። መመለስ አልቻልንም። አፈርን።

ከባድ ብረት ሲባል ማረሻ የሚሠራበት ብረት ማለት አይደለም። ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና የመሳሰሉት ናቸው፤ አርሰኒክም ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። የእነዚህ ክፋት አለመበስበሳቸው ነው። የሞተ ቅጠል በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ካድሚየም ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ካድሚየም ነው። ወደ እርሻ የሚገቡት ከማዕድን ማውጫ፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከባትሪ፣ ከፍሳሽ ዝቃጭ ነው። ፎስፌት ማዳበሪያም የሚሠራበት ድንጋይ በተፈጥሮው ካድሚየም ሊኖረው ስለሚችል ጥቂት ይጨምራል። የመኪና ቤንዚንም ለብዙ ዓመታት እርሳስ ይጨመርበት ነበር። ይህ ቤንዚን በዓለም ላይ ጨርሶ የቆመው በ2021 ሲሆን የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች። ስለዚህ በድሮ መንገዶች ዳር ያለው አፈር ዛሬም እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ችግር በደንብ የሚታወቀው በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ያጠጣሉ። አትክልቱ የሚሸጠው እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ሞጆ ላይ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ስለሆነ የሞጆ ወንዝም ስሙ በዚህ ይነሣል። ሞጆ ያለችው ጥሩ ጤፍ ከሚበቅልበት ከአዳ አካባቢ ብዙም ሳትርቅ ነው። እናቶቻችን «ማኛ» የሚሉት ነጭ ጤፍ በዚያ አካባቢ የታወቀ ነው። ይህን ስናነብ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀረ።

በእህል የመጣው ትልቁ ጉዳት ግን የታየው በጃፓን ነው። በጂንዙ ወንዝ ላይ የነበረ ማዕድን ማውጫ ካድሚየም ወደ ወንዙ ይለቅ ነበር፣ ገበሬዎችም በዚያ ውኃ ሩዝ አመረቱ። ሩዙን ለብዙ ዓመታት የበሉት ሰዎች፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ ይሰበር ጀመር። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «ያመኛል፣ ያመኛል» ማለት ነው። መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን የተቀበለው በ1968 ነው። ከዚያ በኋላ የእርሻዎቹን አፈር መለወጥ ከ1979 እስከ 2012 ድረስ ፈጀ። ሠላሳ ሦስት ዓመት! አንድ ሰው ተወልዶ፣ ወታደር ሆኖ፣ አግብቶ ልጅ የሚወልድበት ጊዜ ነው።

አፈሩን መለወጥ እንዲህ ከባድ ከሆነ ተክሉን መርዳት ይሻላል። ግን ተክሉ ለምን መርዙን ይጠጣል? መልሱ እኛን በጣም አስገረመን። ተክሉ ካድሚየምን ፈልጎ አይወስደውም። ሥሩ ላይ ለዚንክ፣ ለብረትና ለማንጋኒዝ የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ። ካድሚየም እነዚህን ስለሚመስል ልክ የቤተሰብ ሰው መስሎ ሠርግ ቤት እንደሚገባ ሰው በዚያው በር ይገባል። ከገባ በኋላ ተክሉ ዝም አይልም፤ በትንንሽ የፕሮቲን ሰንሰለቶች ያስረውና በሥሩ ውስጥ ባለ ጎተራ ይቆልፍበታል። ጎተራው ሲሞላ ወይም ደካማ ሲሆን ግን ካድሚየሙ ወደ ግንዱ ይወጣል፣ ወደ ፍሬውም ይደርሳል። እርሳስ ከዚህ ይለያል። አብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል፣ ወደ ፍሬ የሚወጣው ጥቂት ነው። የእርሳስ አደጋ በቅጠልና በፍሬ ላይ የሚያርፈው አቧራ ነው።

እንግዲህ ገበሬ ምን ያደርጋል? አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ካድሚየም ይፈታና በውኃ ይሟሟል። ኖራ ሲጨመር አሲዱ ይቀንሳል፣ ብረቱም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ኖራ ከልክ ሲያልፍ ግን ተክሉ የሚፈልገው ብረትና ዚንክም አብሮ ስለሚታሰር ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ኮምፖስትና የተፈጨ ከሰልም ብረቶችን ይይዛሉ። ዚንክ ያነሰው መሬት ዚንክ ቢሰጠው በሩ ላይ ወረፋው ይበዛና ካድሚየም ይቀድሙታል። የሩዝ ማሳ በውኃ ተሞልቶ ሲቆይ ካድሚየሙ ይቀንሳል፣ አርሰኒኩ ግን ይጨምራል። አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይከፈታል ማለት ነው።

እኛ ከሁሉ የወደድነው የዘር ምርጫን ነው፤ ምክንያቱም ገበሬው በየዓመቱ ምንም መግዛት ሳያስፈልገው ሥራው በዘሩ ውስጥ ይኖራል። ለማካሮኒ የሚሆነው ዱረም ስንዴ ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ካድሚየም ወደ ፍሬው ያወጣል። ስለዚህ ካናዳውያን ጎተራው ጠንካራ የሆነ፣ ካድሚየሙን ሥሩ ውስጥ የሚያስቀር የዱረም ዝርያ መርጠው አወጡ። የጃፓን ተመራማሪዎች ደግሞ በ2012 የታወቀውን የኮሺሂካሪ ሩዝ በጨረር መትተው፣ ያ የማንጋኒዝ በር የተበላሸበት ሩዝ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ፍሬው ውስጥ ካድሚየም የለም ለማለት የሚቻል ያህል ትንሽ ሆነ። ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው ብትሉ፣ የዓለም አቀፉ የምግብ መመዘኛ ለስንዴ የሚፈቅደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በአንድ ኩንታል 20 ሚሊ ግራም፣ ማለትም እንደ ቁንጢጥ ጨው እንኳ የማይሆን ነው። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በ2006 የወጣው ቁንጮ የሚባለው ጤፍ የተመረጠው ለምርቱና ለንጣቱ ነበር። በዚያው መንገድ ለንጹሕነት የሚመረጥ ጤፍ ቢወጣ ደስ ይለን ነበር።

ጤፍ አንድ የራሱ ጉዳይ አለው። ቤታችን ውስጥ «ጤፍ ብረት አለው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እውነት ነው፣ አለው። ነገር ግን ተመራማሪዎች ሲመረምሩ ከዚያ ብረት ብዙው ከራሱ ከፍሬው ሳይሆን፣ በአውድማ በበሬ ሲወቃ ከሚጣበቅበት አፈር የመጣ ሆኖ ተገኘ። ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ አፈሩ በቀላሉ አይለይም። አያቶቻችን ይህን ስንነግራቸው አልወደዱትም። እኛ ግን ዋናው ቁም ነገር ይኸ ይመስለናል፤ አፈሩ ንጹሕ ከሆነ ጉዳት የለውም፣ አፈሩ እርሳስ ካለው ግን እርሳሱ በሥር ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሊጡ ይገባል።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞቻችን እንመለስ። የገዴራና የያቭኔ አፈር ብዙ ቦታ ሐምራ የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ነው። ኖራው ትንሽ ስለሆነ ብረትን አጥብቆ አይዝም። በኪርያት መላኪ በኩል ያለው ግን ጥቁርና ከባድ ነው፤ በሐምሌ ይሰነጣጠቃል፣ ሽማግሌዎቻችን ሲያዩት «ይኸማ ዋልካ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ አፈር ብረትን ይይዛል። ከሦስቱም ቦታ አፈር አምጥተን በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ በውኃ በጥብጠን ስንለካ የገዴራው በጥቂቱ አሲዳማ፣ የኪርያት መላኪው ከ7 በላይ ሆነ። ይህ የብረቱን መጠን አይናገርም፤ ብረቱ ካለ ይፈታል ወይስ ይታሰራል የሚለውን ብቻ ነው የሚነግረን።

ውኃውም ጉዳይ አለው። እስራኤል ከፍሳሽዋ አብዛኛውን አጣርታ ለእርሻ ታውላለች። ከያቭኔ በስተ ሰሜን በአሸዋው ውስጥ ያለው ትልቁ ማጣሪያ ሻፍዳን፣ ዝቃጩን እስከ 2017 ድረስ ወደ ባሕር ይልክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ታክሞ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። በዝቃጭ ውስጥ ሊኖር ለሚችለው ብረትም በሕግ ወሰን አለው። የተጣራ ውኃ ደግሞ ጨው ይበዛበታል፣ የጨው ክሎራይድም ካድሚየምን ከአፈሩ አላቅቆ ለሥሩ ያቀርብለታል። ስለዚህ ጨዋማ ውኃ የሚጠጣ ማሳ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ወደ ሳፍታ ሄድንና ያገኘነውን ነገርናቸው። ጤፉ ከመንገዱ እርሳስ በሥሩ ብዙ እንደማይወስድ፣ አቧራው ግን እንደሚያሰጋ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአጥሩ ራቅ አድርገው ኮምፖስትና ጥቂት ኖራ ጨምረው ቢዘሩ እንደሚሻል። የዘንድሮውን ጤፍ መሬት ላይ እንዳይወቁት ለመንናቸው። እሺ አሉን። ከመትናስ ሸራ ተውሰን አነጠፍን፣ በዱላ ወቁት፣ በሰፌድ አንገዋለሉት፣ ሁለት ጊዜም አጠቡት። ተሰብስቦ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ቀና ብለው አጥሩን አዩና፣ «ታዲያ ጎመኑስ? ቅጠሉ ሰፊ አይደለም ወይ? አቧራው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው» አሉን። ይህን እኛ አላሰብነውም ነበር። በማግሥቱ ጎመኑን ወደ ውስጥ አዛወርነው፣ በአጥሩ ሥርም አበባ ተከሉበት።