ከሻንጣው በፊት ስምና የልደት ቀን

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ሞይ አቬኑ ላይ፣ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ አጠገብ የቶም ምቦያ ሐውልት ቆሟል። ከካምፕ ለጉዳይ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ያልፋል። ምቦያ በ1969 እ.ኤ.አ. እዚያው መንገድ ላይ በጥይት የተገደለ የኬንያ ፖለቲከኛ ነው። ለተማሪዎቻችን ግን የሚነገር ሌላም ታሪክ አለው። ምቦያ ባስተባበረው ሥራ በ1959 እ.ኤ.አ. 81 ወጣቶች በአንድ አውሮፕላን ከናይሮቢ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሄዱ። በማግስቱ ዓመት ከሄዱት አንዷ ዋንጋሪ ማታይ ነበረች። ካንሳስ ተምራ፣ ተመልሳ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች።

ዛሬም ከካኩማና ከዳዳብ ለትምህርት የሚወጡ ልጆች አሉ። የታወቀው መንገድ ‹ውስክ› የምንለው የካናዳው የተማሪ ስደተኞች ፕሮግራም ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከኪሳቸው አዋጥተው አንድ ስደተኛ ተማሪን ለመጀመሪያው ዓመት ይደግፋሉ። ልጁ የሚገባው በቋሚ ነዋሪነት ስለሆነ ዓመቱ ሲያልቅ እዚያው ይቀጥላል።

ታዲያ ዝግጅቱ የሚጀምረው መቼ ነው? ብዙዎቻችን ስልክ ከተደወለ በኋላ ይመስለናል። ያን ጊዜ ግን ወረቀት ለማስተካከል ጊዜው አጭር ነው።

ስም

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ት/ቤት በሁለት ስም ተመዝግቦ፣ በስደተኛ መታወቂያው ላይ በሦስት የተጻፈ ልጅ በቢሮ ዓይን ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ፊደሉም አለ። ‹ፀሐይ› የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ‹ቲ› ይጀምረዋል፣ ሌላው በ‹ኤስ›። ልጁ ለኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ፈተና ከመመዝገቡ በፊት ወላጆች የራሽን ካርዱን፣ መታወቂያውንና የት/ቤቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ በፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ቶሎ ብላችሁ የካምፑን ምዝገባ ቢሮ ጠይቁ። ሰርተፊኬት ከወጣ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

የልደት ቀን

ይሄኛው የእኛ የብቻችን ጣጣ ነው። ጥር 10 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 2006 ነው። እናት ‹98› ብላ ብትናገርና ጸሐፊው እንዳለ ቢጽፈው ልጁ ባንድ ጊዜ 8 ዓመት አረጀ! የዕድሜ ገደብ ባለበት ዕድል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን አትርሱ።

ሰዓት

ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራል። ናይሮቢ ላይ ‹ሳ ታቱ› ካሉህ ያው የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። የቀጠሮ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ 9 ሰዓት ማለትም እሱው ነው፤ የእኛ ዘጠኝ ሰዓት መስሎት ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ቀጠሮው አልፎታል። ከካምፕ ስትነሱም የጉዞ ፈቃዳችሁን ያዙ። ዋናውን ወረቀት ከአውቶቡሱ ጭነት ጋር አትስጡ፤ ከሰውነታችሁ አይለይ፣ ኮፒው ቤት ይቅር።

ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው

የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አገልግሎት በነፃ ነው። ‹ስምህን ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ› ብሎ ሽልንግ የሚጠይቅ ሰው፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ ሌባ ነው። ቅጽ ላይም እውነቱን ጻፉ። ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ ያለው ሰው ደብቆ ቢሄድ ኋላ እነሱን ማስመጣት ይቸገራል።

ቤተሰብ

ለዚህ የሚሰጥ ቅጽ የለም፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሄ ነው። ልጁ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ቤቱ በሙሉ ተስፋውን አብሮ ይጭንበታል። የመጀመሪያው ዓመት ድጋፍ ለእሱ ኑሮና ትምህርት የተሰላ ነው፤ ለሁለት ቤት አይበቃም። ‹መቼ ትልካለህ?› የሚለው ስልክ በየሳምንቱ ከተደወለ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሌሊት ሥራ ይገባል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት አባትና እናት፣ ታላቅና ታናሽ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በስንት ቀን ይደውል? የራሽን ወረፋውን ማን ይያዝ? አያትን ማን ያሳክም? የታናናሾቹን ደብተር ማን ይይ? ይህ ካልተወሰነ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ይወርዳል።

ስለ ሻንጣው ብዙ አንልም። ወፍራም ካፖርት እዚያው ይገኛል። እናቶች የምትቋጥሩትን በርበሬና ሽሮ ግን ልጁ ካናዳ ሲገባ ለጉምሩክ ይናገር፤ ምግብ ይዞ ዝም ማለት ያስቀጣል።

ዘንድሮ ዕድሉ ያልደረሳችሁም አትዘኑ። ስሙና ቀኑ የተስተካከለ ወረቀት ለሚቀጥለው ዓመትም፣ ለሌላ ስኮላርሺፕም ያገለግላል። ዛሬ ማታ ወረቀቶቻችሁን አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ለተጓዦች ሁሉ መልካም መንገድ!