ሀለኮ፣ ሽፈራው፣ ሞሪንጋ

አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ ሰፈር ውስጥ የገባ እንግዳ በየግቢው አንድ ዛፍ ደጋግሞ ያያል። ግንዱ ወፍራም፣ ቅርፊቱ አመድማ፣ ቅጠሉ ደቃቅ ነው። ስሙን ቢጠይቅ መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል፦ በጋሞኛ ሀለኮ፣ በአማርኛ ሽፈራው፣ አዲስ አበባ በታሸገ ዱቄት ላይ ደግሞ ሞሪንጋ።

ዛፉ አንድ ይሁን እንጂ ስሞቹ የሚጠሩት አንድ ነገር አይመስለኝም። ሀለኮ እንደ ጎመን የምግብ ስም ነው። ቅጠሉ ከዘንጉ ይሸመጠጥና በጨው ይቀቀላል። የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት ታሽቶ፣ በትንንሹ ተድቦልቡሎ አብሮት ሲበስል ኩርኩፋ ይሆናል። ዛፉ ድርቅን ስለሚችል የጓሮው ጎመን በደረቀበት በጋ እንኳ ቅጠል አይነፍግም፤ ከቤት አጠገብ መተከሉም ለዚህ ነው።

ሽፈራው የወንድ ስም ነው፤ ሺ ፈራው፣ የጀግና ስም። ለጓሮ አትክልት ትንሽ ይከብዳል፤ ዛፉ የሚያስፈራ ነገር የለውምና።

ሞሪንጋ የሳይንስ ስም ነው እንበል። ሙሉ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል ከግሪክኛ የመጣ፣ የአበባውን ቅጠሎች ጠባብነት የሚናገር ነው። የሞሪንጋ ወገን 13 ዝርያዎች አሉት። ዓለም በብዛት የሚያውቀው ኦሌይፌራ የሚባለውን የሕንድ ዝርያ ነው፤ የእኛው አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ማሸጊያው ላይ «ሞሪንጋ» ብቻ ከተጻፈ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የሚገርመው፣ ይህ የላቲን መስሎ የሚሰማ ስም ራሱ የጓሮ ቃል መሆኑ ነው። ሥሩ ታሚሎች የሕንዱን ዝርያ የሚጠሩበት ሙሩንጋይ ነው። ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር እንዲህ ሥሩ ይደበቃል፤ አይሪሾችም ዶይሬ፣ ማለትም የባሉጥ ጫካ፣ ያሉት ቦታ በእንግሊዝኛ ደሪ ሆኖ ከተማ ሲጠራበት፣ ባሉጡን የሚያስታውሰው አይሪሽኛ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ሴቻ ላይ ለእራት የፈለገ ሰው ግን ሀለኮ ብሎ ይጠይቅ። ሞሪንጋ ካለ ዱቄት ሊያመጡለት ይችላሉ።